ልፋት እንደ ዋጋ፦ የባህርይ ኢኮኖሚክስና የተግባራዊ ባህርይ ትንተና ዝምድና

በአንድ የልዩ ፍላጎት ክፍል ውስጥ ባለሙያው ለአንድ ሕፃን ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያቀርባል እንበል፤ አንደኛው ብስኩት፣ ሁለተኛው ቺፕስ ነው። ሕፃኑ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን ያነሣል። ባለሙያው ሁለቱን በእኩል ተወዳጅነት መዝግቦ ትምህርቱን ይጀምራል። ሕፃኑ አንድ ሥዕላዊ ካርድ በትክክል በለየ ቁጥር አንድ ቁራሽ ብስኩት ይሰጠዋል፤ ሥራውም ያምራል። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንዲት ቁራሽ ለማግኘት አሥር ካርዶች መለየት ይጠበቅበታል። ያን ጊዜ ካርዶቹን ገፍትሮ ይነሣል። በመዝገቡም ላይ «ማጠናከሪያው ኃይሉን አጥቷል»፣ ከዚያም በከፋ አነጋገር «ልጁ ተነሣሽነት የለውም» የሚል ቃል ይሰፍራል።

ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ይህ ክስተት እንግዳ አይደለም። የአንድ ዕቃ ዋጋ አሥር እጥፍ ጨመረ፤ ገዢውም ገበያውን ጥሎ ሄደ። በአንድ ብር ስለ ተወደደ ብቻ በአሥር ብርም እንዲሁ ይወደዳል ብሎ የሚገምት ነጋዴ አይገኝም። በባህርይ ሕክምና መስክ ግን ይህን መሰሉ ግምት ለረጅም ጊዜ ሳይመረመር ቆይቷል። የባህርይ ኢኮኖሚክስ ለተግባራዊ ባህርይ ትንተና ያበረከተው ጠቃሚ ነገር ከዚህ ይጀምራል፤ «ማጠናከሪያው ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ አጠገብ «በስንት ዋጋ?» የሚለውን ጥያቄ አስቀምጧል።

አንድ ስም፣ ሁለት ምንጭ

ዝምድናውን ለመረዳት በቅድሚያ አንድ መደናገርን ማጥራት ያስፈልጋል። «የባህርይ ኢኮኖሚክስ» ሲባል በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው የሚታወሱት ዳንኤል ካነማንና አሞስ ተቨርስኪ ናቸው። ሁለቱ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 «ኢኮኖሜትሪካ» በተባለው መጽሔት ባወጡት የፕሮስፔክት ንድፈ ሐሳብ፣ ሰው ኪሳራን በመጠን ከሚተካከለው ትርፍ አብልጦ እንደሚመዝን፣ ውሳኔውም በአማራጮቹ አቀራረብ እንደሚለዋወጥ አስረድተዋል። ካነማን በ2002፣ ሪቻርድ ታለር በ2017 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ታለር ከሕግ ምሁሩ ካስ ሰንስቲን ጋር በ2008 ያሳተመው «ነጅ» የተሰኘው መጽሐፍ ደግሞ ትምህርቱን ከዩኒቨርሲቲ አውጥቶ ወደ መንግሥታት ጽሕፈት ቤቶች አስገብቶታል።

ሁለተኛው ምንጭ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። መነሻው ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው «የሕያዋን ባህርይ» በተሰኘው ሥራው የጀመረው የቤተ ሙከራ ጥናት ነው። በ1961 ሪቻርድ ሄርንስታይን እርግቦች ሁለት ቁልፎችን በምንቃራቸው እየነኩ እህል በሚያገኙበት ሙከራ አንድ ሥርዓት አገኘ፤ እርግቧ በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የምታውለው ምላሽ ከዚያ ቁልፍ ከምታገኘው እህል ድርሻ ጋር ይመጣጠናል። ከአንዱ ቁልፍ ሁለት ሦስተኛው እህል የሚገኝ ከሆነ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ምላሽም ወደዚያው ይሄዳል። «የመመጣጠን ሕግ» የተባለው ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ባህርይ በተናጠል ምላሽ ብቻ የሚጠና መሆኑ ቀርቶ በአማራጮች መካከል የሚደረግ የሀብት ክፍፍል ሆኖ መታየት ጀመረ። በ1980 ደግሞ በዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ስቲቨን ኸርሽ የዋጋን፣ የፍላጎትንና የኢላስቲሲቲን ጽንሰ ሐሳቦች በስልት ወደ ባህርይ ትንተና አስገባቸው።

ተግባራዊ የባህርይ ትንተና የዚህ የሁለተኛው ቤተሰብ ልጅ ነው። የራሱ መጽሔት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ዶናልድ ቤር፣ ሞንትሮዝ ዎልፍና ቶድ ሪስሊ መስኩ ምን መሆን እንዳለበት ደነገጉ፦ ለኅብረተሰብ ፋይዳ ያለውን ባህርይ ይመርጣል፤ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን ሳይሆን የሚያደርገውን ይለካል፤ ለውጡም በእርግጥ ከተወሰደው እርምጃ የመጣ መሆኑን በሙከራ ያሳያል።

የሁለቱ ምንጮች ልዩነት የስም ብቻ አይደለም። የካነማን ወገን የምርጫን መዛባት በአእምሮ ውስጥ ባሉ የአስተሳሰብ አቋራጮች ያብራራል፤ የሚመረምረውም የብዙ ሰዎችን አማካይ ውሳኔ ነው። የስኪነር ወገን ግን አንድን ግለሰብ ደጋግሞ ይለካል፣ ማብራሪያውንም በአካባቢው ውስጥ ይፈልጋል። በተግባርም ቢሆን የሚይዙት እጀታ የተለያየ ነው። ታለርና ሰንስቲን «ነጅ» ሲሉ አማራጭን ሳይከለክል፣ የገንዘብ ጥቅምንም ጉልህ በሆነ መንገድ ሳይለውጥ ውሳኔን የሚመራ አቀራረብ ማለታቸው ነው። ስለዚህ «ነጅ» የሚሠራው ከባህርይ በፊት በሚመጣው ሁኔታ ላይ ነው። የባህርይ ተንታኝ በበኩሉ የበለጠ የሚተማመነው ከባህርይ በኋላ በሚመጣው ውጤት ላይ ነው። ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠሩ ጽሑፎች ጥቂት አይደሉም፤ የዚህም ጉዳት ተመራማሪው ዋጋን መለወጥ በሚገባው ቦታ ፖስተር ለጥፎ እንዲቀመጥ ማድረጉ ነው።

በቶክን የሚገበያዩ ሕሙማን

ኢኮኖሚክስና ተግባራዊ የባህርይ ትንተና በይፋ የተገናኙት በአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ነበር። ቴዎዶሮ አይሎንና ናታን አዝሪን በኢሊኖይ ግዛት በአና ሆስፒታል ያካሄዱትን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1968 «የቶክን ኢኮኖሚ» በሚል ርዕስ በመጽሐፍ አወጡት። ለረጅም ዘመን በሆስፒታል የኖሩ ሕሙማን ራሳቸውን ሲጠብቁና ሥራ ሲሠሩ ቶክን ይከፈላቸዋል፤ በቶክኑም የሚፈልጉትን ይገዛሉ። ስያሜው «ኢኮኖሚ» ይበል እንጂ አቋቋሚዎቹ ያተኮሩት በማጠናከሪያው ላይ ነበር።

ኢኮኖሚስቱ ጆን ኬግልና የሥነ ልቦና ባለሙያው ሮቢን ዊንክለር ቃሉን እንደ ቃሉ ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1972 በተግባራዊ የባህርይ ትንተና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ የቶክን ክፍል እውነተኛ ኢኮኖሚ እንደ ሆነና ሁለቱ ሙያዎች ተባብረው ሊያጠኑት እንደሚገባ አሳሰቡ። በርዕሳቸውም «የባህርይ ኢኮኖሚክስ» የሚለውን ስያሜ የተጠቀሙት የካነማንና የተቨርስኪ የፕሮስፔክት ጽሑፍ ከመውጣቱ ሰባት ዓመት ቀድመው ነው። ለኢኮኖሚስቱ የቶክን ክፍል ያልተገኘ ዕድል ነበር፤ የእያንዳንዱ ሰው ገቢና ወጪ ይታወቃል፣ የዕቃውንም ዋጋ አጥኚው ሊለውጥ ይችላል። ለባህርይ ተንታኙ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበረው። ብዙ ቶክን ያጠራቀመ ሕሙም ዛሬ የማይሠራው ቶክን ስለ ጠላ አይደለም፤ ተቀማጭ ስላለው ነው። ደመወዙን ከፍ አድርጎ ዋጋውን ሳይነካ የሚተው ክፍል ሠራተኛ ሳይሆን ቆጣቢ ያፈራል። በማግስቱም ሬይመንድ ባታልዮና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ በሚገኝ አንድ የአእምሮ ሆስፒታል የዕቃዎችን ዋጋ እያፈራረቁ የሕሙማኑ ግዢ የፍላጎትን ሕግ ይከተል እንደ ሆነ መረመሩ።

ኬግልና ባታልዮ ከሃዋርድ ራክሊንና ከሊዮናርድ ግሪን ጋር ሆነው ጥያቄውን ወደ አይጦች ወሰዱት። አይጧ በቀን የምትጫነው የማንሻ ብዛት የተወሰነ ነው፤ ይህ በጀቷ ነው። በአንዱ ማንሻ ሩት ቢር የተባለ ጣፋጭ ለስላሳ፣ በሌላው ቶም ኮሊንስ ለተባለ መጠጥ መቀላቀያ የሚሆን ጣፋጭ ፈሳሽ ይገኛል። የአንዱ ዋጋ ሲጨምር፣ በጀቷም የቀድሞውን ግዢ መድገም እንድትችል ተደርጎ ሲስተካከል፣ አይጧ ወደ ረከሰው ታዘነብላለች። ከምግብና ከውኃ መካከል እንድትመርጥ ስትደረግ ግን መተካካቱ እጅግ ያነሰ ነው። ጣፋጭ ለጣፋጭ ተተኪ ነው፤ ውኃ ለምግብ ተተኪ አይሆንም። ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ ሆኖም በሕክምና ክፍል ውስጥ ይህ ግልጽ ነገር ያመጣው ለውጥ ቀላል አልነበረም።

ከአንድ ካርድ ወደ አሥር ካርድ

በባህርይ ኢኮኖሚክስ አነጋገር ዋጋ ማለት አንድ ማጠናከሪያ ለማግኘት የሚፈለገው የምላሽ ብዛት ለማጠናከሪያው መጠን ሲካፈል የሚገኘው ነው። አሥር ካርድ ለአንድ ቁራሽና ሃያ ካርድ ለሁለት ቁራሽ በአሐድ ዋጋ እኩል ናቸው። ዋጋው ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ በየደረጃው የተገኘው ፍጆታ ሲመዘገብ የፍላጎት ኩርባ ይገኛል። ዋጋው ሲጨምር ፍጆታው እምብዛም የማይቀንስ ከሆነ ፍላጎቱ አይለጠጥም ይባላል፤ ፍጆታው ከዋጋው በበለጠ ፍጥነት ከወደቀ ደግሞ ይለጠጣል። አንድ ማጠናከሪያ በዝቅተኛ ዋጋ ብዙ ሊበላ፣ በከፍተኛ ዋጋ ግን ፈጽሞ ሊተው ይችላል። ስለዚህ «ኃይለኛ ማጠናከሪያ» የሚለው አነጋገር ብቻውን ትርጉሙ ያልተሟላ ነው።

አር. ዶን ተስቲን እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተመው ጥናት ይህን ከአእምሮ ዕድገት ውስንነት ጋር በሚኖሩ ጎልማሶች ላይ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ በሁለት ማጠናከሪያዎች መካከል ሲመርጡ የሚጠየቀው የምላሽ ብዛት ይለዋወጥ ነበር። በአነስተኛ ልፋት የተመረጠው ነገር ልፋቱ ሲጨምር ለሌላው ቦታውን የለቀቀበት ሁኔታ ታየ፤ ሁለቱ የፍላጎት ኩርባዎች ተቋርጠዋል ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ አይሰር ዴሊዮን፣ ብራያን ኢዋታና ባልደረቦቻቸው ጥያቄውን አጠሩት። ለአንድ ማጠናከሪያ አንድ ምላሽ ብቻ ሲጠየቅ ሁለት የምግብ ዓይነቶች እኩል የተወደዱ ይመስሉ ነበር። የሚጠየቀው ምላሽ ሲጨምር ግን ከሁለቱ ምግቦች አንዱ በግልጽ ተመራጭ ሆኖ ወጣ። አንደኛው ምግብ፣ ሌላው መጫወቻ በሆነበት ጊዜ ግን ይህ ልዩነት አልተፈጠረም። ምክንያቱን ከአይጦቹ ሙከራ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ተመሳሳይ ነገሮች እርስ በርሳቸው ይተካካሉ፤ ልፋት ሲበዛ ትንሽ የሚበልጠው ብቻ ይፈለጋል። የማይተካኩ ነገሮች ግን ሁለቱም በየፊናቸው ይፈለጋሉ።

በመግቢያው የተጠቀሰው ሕፃን ታሪክ እዚህ ላይ ይፈታል። የብስኩትና የቺፕስ ፈተና የተካሄደው በዜሮ ዋጋ ነው፤ እጅ ዘርግቶ ማንሣት ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ትምህርቱ ግን በአሥር ካርድ ዋጋ ይካሄዳል። ባለሙያው የለካው አንድ ነገር፣ የተጠቀመበት ሌላ ነገር ነው። መፍትሔውም ምርጫን ሥራው በሚካሄድበት ዋጋ መፈተን ነው፦ የሚጠየቀውን ምላሽ በየዙሩ ከፍ እያደረጉ ሕፃኑ የሚያቆምበትን ነጥብ ለእያንዳንዱ ማጠናከሪያ መመዝገብ። ይህ ዘዴ ጊዜ ይፈጃል፤ ሕፃኑንም ሊያሰለች ስለሚችል የማቆሚያ ደንቡ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ያም ሆኖ «ተነሣሽነት የለውም» የሚል ቃል በአንድ ልጅ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ለዓመታት ከመከተሉ በፊት አንድ ጧት ለዚህ ቢውል የሚቆጭ አይደለም።

በር የተዘጋበት ኢኮኖሚ

ኸርሽ በ1980 ካነሣቸው ጉዳዮች አንዱ የክፍትና የዝግ ኢኮኖሚ ልዩነት ነው። እንስሳው የዕለት ምግቡን በሙሉ በሥራው ብቻ የሚያገኝ ከሆነ ኢኮኖሚው ዝግ ነው። ከሙከራው ሰዓት በኋላ በነጻ የሚሰጠው ካለ ክፍት ነው። በዝግ ኢኮኖሚ ዋጋ ሲጨምር እንስሳው አብዝቶ ይሠራል፤ በክፍት ኢኮኖሚ ግን ቶሎ ይተዋል፤ ኋላ ላይ ያለ ልፋት የሚያገኘው አለና። ሄንሪ ሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን ከዕድገት እክል ጋር በሚኖሩ ልጆች ላይ ፈትነው፣ ማጠናከሪያው ከክፍለ ጊዜው ውጪ በነጻ በማይገኝበት ሁኔታ የሚሠሩት መጠን የበለጠ መሆኑን አሳዩ።

ከዚህ ግኝት የሚመዘዘው ተግባራዊ ምክር ቀላል ይመስላል፦ ብስኩቱ ከክፍሉ ውጪ እንዳይሰጥ ማድረግ። አያት፣ አክስትና ጎረቤት ሁሉ ለልጅ ከረሜላ የሚያቀብሉበት የኢትዮጵያ ቤት ግን በጠባዩ ክፍት ኢኮኖሚ ነው። በዚህ ላይ እናቲቱን «ለማንም እንዳያቀምሱት ንገሪ» ብሎ ማዘዝ በወረቀት ላይ ትክክል፣ በሠፈር ውስጥ ደግሞ የማይፈጸም ነው። የተሻለው መንገድ በሠፈሩ በነጻ የማይገኝ ማጠናከሪያ መምረጥ ይመስላል፤ ለምሳሌ በክፍሉ ብቻ ያለ መጫወቻ ወይም ልጁ ከሚወደው ሰው ጋር የሚያሳልፈው ጨዋታ።

ከዚህ የከበደው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ዝግ ኢኮኖሚ ኃይለኛ የሚሆነው በእጦት ላይ ስለሚቆም ነው። የቀደሙት የቶክን ክፍሎች የግል መኝታን፣ የመመገቢያ ቦታ ምርጫንና ከክፍል መውጣትን የመሳሰሉትን ሳይቀር በቶክን ይሸጡ ነበር። ኬግልና ዊንክለር ጽሑፋቸውን ባወጡበት በዚያው በ1972 በአላባማ ግዛት የፌዴራል ዳኛው ፍራንክ ጆንሰን በዋያትና በስቲክኒ ክርክር ለአእምሮ ሕሙማን ሊጓደሉ የማይገባቸውን ዝቅተኛ መመዘኛዎች ወሰኑ፤ ምግብ፣ አልጋ፣ የግል ክብርና ጎብኚ የመቀበል መብት በውስጡ ነበሩ። ሕሙማንም ለተቋሙ የጉልበት ሥራ ያለ ተገቢ ክፍያ እንዳይገደዱ ተደነገገ። በዚህም ብዙዎቹ የቶክን ክፍሎች ይሸጧቸው የነበሩ «ሸቀጦች» መብት ሆኑ። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ሕጉ ኢኮኖሚውን በግድ ከፈተው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የባህርይ ተንታኝ ማጠናከሪያውን መፈለግ የተገደደው ከመብት በላይ ባለው ትርፍ ውስጥ ነው። ይህም ለሙያው የደረሰበት ጉዳት ሳይሆን መልካም ዕዳ ነበር፤ አንድን ሰው ከአልጋው አርቆ እንዲሠራ ማድረግ የሚያስመሰግን ጥበብ አይደለምና።

መዘግየትና የምርጫ መገለባበጥ

ሁለቱ ምንጮች በእርግጥ የሚገናኙበት ወንዝ የጊዜ ጉዳይ ነው። በመደበኛው የኢኮኖሚክስ ሞዴል የዘገየ ዋጋ በየቀኑ በእኩል መቶኛ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዛሬ የተመረጠው ነገር ከወር በፊትም ቢሆን የሚመረጥ ነው። የእንስሳት ሙከራ ግን ሌላ ቅርጽ አሳየ። ጄምስ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1987 ባቀረበው የሃይፐርቦላ ቀመር፣ የአንድ ሽልማት የአሁን ዋጋ መጠኑ «አንድ ሲደመር የመዘግየቱ ጊዜ በቅናሽ መጠኑ ተባዝቶ» ለሚገኘው ቁጥር ሲካፈል የሚመጣው ነው።

በቁጥር ምሳሌ ቢታይ ነገሩ ይቀላል። የአንድ ሰው የቅናሽ መጠን በቀን 0.1 ነው እንበል። ዛሬ የሚሰጥ 600 ብርና ከ10 ቀን በኋላ የሚሰጥ 1,000 ብር ቀርበውለታል። የመጀመሪያው ዋጋ 600 ነው፤ የሁለተኛው ዋጋ 1,000 ለ2 ተካፍሎ 500 ይሆናል፤ ስለዚህ 600ውን ይወስዳል። ሁለቱም በ20 ቀን ቢገፉ ግን የመጀመሪያው 600 ለ3 ተካፍሎ 200፣ ሁለተኛው 1,000 ለ4 ተካፍሎ 250 ይሆናል። አሁን የሚመርጠው 1,000ውን ነው። ያው ሰው፣ ያው ገንዘብ፣ ያው የ10 ቀን ልዩነት፤ ምርጫው ግን ተገለበጠ። በእኩል መቶኛ የሚቀንስ ሞዴል ይህን መገለባበጥ ሊያፈራ አይችልም።

ራክሊንና ግሪን እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን በእርግቦች አይተውት ነበር። እርግቧ ወዲያው የሚሰጥ የ2 ሰከንድ መብልንና ከ4 ሰከንድ በኋላ የሚሰጥ የ4 ሰከንድ መብልን ፊት ለፊት ስታገኝ ትንሹን ትወስዳለች። ምርጫው አስቀድሞ ሲቀርብ ግን፣ ትልቁ ብቻ ወደሚገኝበት መንገድ ገብታ ትንሹን አማራጭ በራሷ ላይ ትዘጋለች። ታለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ በ2004 ያሳተሙት «ነገ አብዝተህ ቆጥብ» የተባለው ዕቅድ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሠራተኞች ከዛሬው ደመወዝ ሳይሆን ከወደፊቱ ጭማሪ ላይ ለመቆጠብ አስቀድመው ይስማማሉ፤ በመጀመሪያው ትግበራ የቁጠባቸው መጠን በ40 ወራት ውስጥ ከ3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ አድጓል። የታለር ወገን ይህን ስኬት ራስን ከመግዛት ድክመትና ከኪሳራ ፍራቻ ጋር አያይዞ ያብራራል። የባህርይ ተንታኝ ከእርግቧ ጋር አንድ ዓይነት ቀመር ያያል። ሁለቱም ለተግባሩ የሚሰጡት ምክር አንድ ነው።

እቁብም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይችላል። ዕጣው በመጨረሻ የሚወጣለት እቁብተኛ የሚያገኘው ያለ ወለድ በሣጥኑ ቢያስቀምጥ ኖሮ ከሚኖረው አይበልጥም። እቁቡ የጨመረለት ነገር ውሳኔው አስቀድሞ መታሰሩና ዳኛውና ጓደኞቹ በየሳምንቱ መጠበቃቸው ነው። ሜሪ ኬይ ጉገርቲ እ.ኤ.አ. በ2007 በምዕራብ ኬንያ ባሉ ተመሳሳይ ማኅበራት ላይ ያሳተመችው ጥናት አባላቱ የሚሳተፉበትን ምክንያት በዋናነት ያብራራችው በዚህ ራስን የማሠሪያ ፍላጎት ነው።

ተግባራዊው መስክ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ሄዷል። ጁሊ ሽዋይትዘርና ቤት ሱልዘር አዛሮፍ በ1988 ችኩል የተባሉ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በትንሹ በመጀመር፣ ለትልቁ ሽልማት የሚጠበቀውን ጊዜ ቀስ በቀስ በማርዘም ትዕግሥትን አሠልጥነዋል። ለኢኮኖሚስት የቅናሽ መጠን የሰውየው መለያ ቁጥር ነው፤ ለባህርይ ተንታኝ ግን ሊለወጥ የሚችል ባህርይ ነው። በሁለቱ መካከል ካሉት ልዩነቶች ሁሉ ምናልባት ትልቁ ይህ ነው።

ቫውቸርና ጣሪያው

የሁለቱ ሙያዎች ጥምረት ፍሬ ጎልቶ የታየው በሱስ ሕክምና ነው። ስቲቨን ሂጊንስና ባልደረቦቹ በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ የኮኬይን ጥገኞችን በሳምንት ሦስት ጊዜ የሽንት ምርመራ እያደረጉ፣ ከኮኬይን ነጻ ለሆነ እያንዳንዱ ናሙና ቫውቸር ይሰጡ ነበር። የመጀመሪያው ናሙና 2.50 ዶላር ያወጣል፤ ቀጣዩ በ1.25 ዶላር ይጨምራል፤ ሦስት ተከታታይ ናሙና ነጻ ሲሆን 10 ዶላር ይመረቃል። በ12 ሳምንት 36 ናሙናዎችን በሙሉ ያለፈ ሰው 997.50 ዶላር ያገኛል። ኮኬይን የተገኘበት ናሙና ግን ክፍያውን ወደ 2.50 ይመልሰዋል፤ ወደ ቀድሞው ከፍታ ለመመለስ አምስት ተከታታይ ነጻ ናሙና ያስፈልጋል።

ይህ ሒሳብ ተራ የጉርሻ ሠንጠረዥ አይደለም። በመጨረሻው ቀን የሚቀርበው ናሙና ብቻውን 46.25 ዶላር ያወጣል። ስለዚህ ሰውየው ንጹሕ ሆኖ በቆየ ቁጥር የአንድ ቀን ኮኬይን ዋጋ ከሻጩ እጅ ሳይሆን ከቫውቸሩ በኩል እየተወደደ ይሄዳል። ከኮኬይን የሚገኘው ደስታ ፈጣን፣ ከመታቀብ የሚገኘው ጤና ደግሞ ዘገምተኛ በመሆኑ፣ ቫውቸሩ የዘገየውን ጥቅም ወደ ዛሬ ያቀርበዋል። በ1994 በታተመው ጥናታቸው 40 ታካሚዎች ተሳትፈው፣ ከምክር አገልግሎቱ ጋር ቫውቸር ካገኙት 75 በመቶው፣ ምክሩን ብቻ ካገኙት 40 በመቶው የ24 ሳምንቱን ሕክምና ፈጽመዋል። ሳይቋረጥ ከኮኬይን የታቀቡበት ጊዜም በአማካይ 11.7 ሳምንት በ6.0 ሳምንት ነበር።

ዋጋን በጥያቄ ብቻ የመለካት ዘዴም ከዚሁ መስክ ወጥቷል። ኤሪክ ጃኮብስና ዋረን ቢክል በ1999 ሱሰኞችን «በዚህ ዋጋ ቢሆን ስንት ትገዛ ነበር?» እያሉ የፍላጎት ኩርባቸውን ሠሩ። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ነው። በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በሲጋራ ላይ ከመቶኛው ሌላ በየፓኮው ቋሚ ታክስ የጣለ በመሆኑ፣ የአጫሾች ፍላጎት በየትኛው ዋጋ መለጠጥ እንደሚጀምር መጠየቅ ለአገሪቱም የሚጠቅም ጥናት ነው። ይሁን እንጂ ቤር፣ ዎልፍና ሪስሊ ያስቀመጡት ደንብ እዚህ ላይ ይቆረቁራል፤ «እገዛ ነበር» የሚለው ቃል ራሱ ግዢ አይደለም። ቢያንስ ከተሳታፊዎቹ በከፊሉ ላይ መልሱን ከእውነተኛ ግዢ ጋር ሳያስተያዩ ኩርባውን ለፖሊሲ ማቅረብ ችኮላ ነው።

ቫውቸሩ ሲቋረጥስ? ሂጊንስ ከ13ኛው ሳምንት ጀምሮ በቫውቸሩ ፈንታ ለነጻ ናሙና አንድ የሎተሪ ትኬት ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በዚህ መካከል ሥራ፣ ቤተሰብና መዝናኛ የቫውቸሩን ቦታ እንዲይዙ ይደረጋል። ተተኪ ማጠናከሪያ ያላገኘ ሰው ወደ ቀድሞው ዋጋ እንደሚመለስ የፍላጎት ኩርባው ራሱ ይናገራል።

ፖሊሲ አውጪዎች የወሰዱት ግን ብዙ ጊዜ ቅርጹን እንጂ ዋጋውን አይደለም። የጥናቶች ድምር ትንተና ቫውቸሩ ትልቅና ፈጣን በሆነ መጠን ውጤቱ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሆኖም በአሜሪካ በፌዴራል ድጋፍ ለሚካሄዱ ብዙ ፕሮግራሞች ለአንድ ታካሚ የተፈቀደው ጣሪያ ለረጅም ጊዜ በዓመት 75 ዶላር ነበር። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2023 የጀመረው የማገገሚያ ማበረታቻ ፕሮግራም ጣሪያውን 599 ዶላር አደረገ። ይህ ቁጥር የተመረጠው ከየትኛውም የፍላጎት ኩርባ ተነሥቶ አይደለም፤ 600 ዶላር የደረሰ ክፍያ ለታክስ መሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚደረግ ስለ ነበር ነው።